ኮቦቱልቦክስ ሲገመገም፦ ለሰፈር ክርክር የሚሆን ቁጥር ይወጣዋል?

የውኃ ፈረቃ ክርክር መልኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ነዋሪው «ውኃ ካየን ሦስት ሳምንት ሆነን» ይላል። ቢሮው ፈረቃውን ዘርግቶ «በሳምንት ሁለት ቀን ይደርሳችኋል» ብሎ ይመልሳል። የጠፋው ከአንድ ብሎክ ነው ወይስ ከሳይቱ ሁሉ? ሁለት ቀን መጣ የተባለው ግራውንድ ላይ ነው ወይስ አራተኛ ፎቅም ወጥቷል? ይህን የሚመልስ ቁጥር በሁለቱም እጅ ስለሌለ ክርክሩ ድምፁ ከፍ ላለው ይፈረዳል።

ዳታ አክቲቪዝም የሚሉት ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ክፍተት ነው፤ ተቋሙ ያልሰበሰበውን ወይም ሰብስቦ ያላወጣውን ቁጥር ነዋሪው ራሱ ሰብስቦ አደባባይ ያወጣል። ናይሮቢ ውስጥ የኪቤራ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2009 ጂፒኤስ ይዘው ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ይታይ የነበረውን ሰፈራቸውን ማንም ሊያርመው በሚችለው ነፃ ካርታ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ሞሉት። ጃፓን ውስጥ ከ2011ዱ የፉኩሺማ አደጋ በኋላ ሴፍካስት የተባለው የፈቃደኞች ስብስብ መለኪያ በመኪና ጭኖ እየዞረ ጨረር ለካ። መሣሪያው ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

እዚህ የምንገመግመው ለዚህ ሥራ ከሚውሉት መሣሪያዎች ብዙ ሰው የሚያውቀውን ኮቦቱልቦክስን ነው፤ መጠይቅ በድረ ገጽ ተዘጋጅቶ በስልክ የሚሞላበት መሣሪያ ነው፣ ባጭሩ ኮቦ ይሉታል። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ መጠይቅ ማዘጋጀትና ኔትወርክ በሌለበት መሰብሰብ ላይ በነፃ ከሚገኙት ጥቂቶች ይስተካከሉታል። በአማርኛና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሠሩበት ግን አምስት ስድስት ቦታ ላይ ጉድጓድ አለው፤ ካላወቁት ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ ነው የሚገቡበት። «ማንን ጠየቃችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ መሣሪያው ፈጽሞ አያነሳም፤ በክርክር መድረክ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ግን እሱ ነው።

ለማስረጃ አንድ የጋራ መኖሪያ ሳይት እንውሰድ፦ 60 ብሎክ፣ እያንዳንዱ ጂ ፕላስ 4፣ በየፎቁ 4 በር። ድምሩ 1,200 ቤት። ጥያቄው ውኃ በሳምንት ስንት ቀን፣ የትኛው ፎቅ ድረስ እንደሚመጣ ነው።

ምንድን ነው፣ በስንት ነው

ኮቦ እ.ኤ.አ. በ2005 ፉንግ ፋም እና ፓትሪክ ቪንክ የጀመሩት ሥራ ነው። በሃርቫርድ የሰብዓዊ ጉዳዮች ተቋም ሥር አድጎ በ2019 ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኗል። የስልኩ መተግበሪያ ኮቦኮሌክት የተሠራው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረው ኦዲኬ ከተባለ የዳታ መሰብሰቢያ መሣሪያ ላይ ተነስቶ ነው፤ ስለዚህ ለኦዲኬ የተጻፈ መመሪያ አብዛኛው እዚህም ይሠራል። ኮዱ ክፍት ነው።

ነፃው ዕቅድ በወር 5,000 ምላሽና በጠቅላላው 1 ጊጋባይት የፋይል ቦታ ይሰጣል። ኮታው የሚከለስ ነገር ስለሆነ ከመመዝገብ በፊት የዋጋ ገጹን ማየት ደግ ነው። ለአንድ ሳይት 5,000 ምላሽ ተርፎ ይቀራል። ቶሎ የሚያልቀው ጊጋባይቱ ነው፤ ያስጨረሰው ደግሞ ሁልጊዜ ፎቶ ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 250 ፎቶ ላይ ቦታው ይሞላል። ኮቦኮሌክት ውስጥ የምስል መጠን የሚባለውን ማስተካከያ ወደ ትንሹ፣ ማለትም ረጅሙ ጎን 1,024 ፒክሰል አካባቢ ወደሚሆነው ዝቅ ቢያደርጉ አንድ ፎቶ ወደ 200 ኪሎባይት ይወርዳል፤ የቆጣሪ ቁጥር ለማንበብ ይበቃል፣ በዚያው ቦታም ወደ 5,000 ፎቶ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ፎቶው ለምን እንዳስፈለገ መጠየቅ ይሻላል። ባዶ ሮቶ ፎቶ አንስቶ የውኃ እጦት ማስረጃ ማለት ለፌስቡክ ይሆናል፣ ለቆጠራ አይሆንም።

አካውንት ሲከፍቱ ከሁለት ሰርቨር አንዱን ይመርጣሉ፦ ዓለም አቀፉን ወይም የአውሮፓ ኅብረቱን። በአንዱ የተከፈተ አካውንት በሌላው አይገባም። የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል፤ የይለፍ ቃሉ ልክ ሆኖ ስልኩ «አልቀበልም» ካለ ሰርቨሩ ተሳስቷል ማለት ነው። ሌላም አለ፦ በዓለም አቀፉ ሰርቨር ላይ የድረ ገጹ አድራሻ በ‹ኬኤፍ› ሲጀምር ስልኩ ውስጥ የሚገባው በ‹ኬሲ› የሚጀምረው ነው። ከብራውዘር ኮፒ አድርጎ ስልኩ ላይ መለጠፍ አይሠራም።

መጠይቁ ላይ

ፎርሙን በድረ ገጹ ላይ እየጎተቱ መሥራት ይቻላል፤ ወይም በኤክሴል አዘጋጅቶ መጫን። የኤክሴሉ መንገድ ሦስት ገጽ አለው፤ አንዱ ለጥያቄዎች፣ አንዱ ለምርጫዎች፣ አንዱ ለቅንብር። ከ15 ጥያቄ በታች ከሆነ የድረ ገጹ መገንቢያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነና ትርጉም ካለበት ኤክሴሉን ተለማመዱት።

አሁን የአማርኛው ጉዳይ። ኮቦ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከሚታየው ጽሑፍ ሌላ የውስጥ ስም ይሰጣል፤ ዳታው የሚቀመጠው በዚያ ስም ነው። ስሙን ካልጻፉለት ከጥያቄው ጽሑፍ ራሱ ይፈጥረዋል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲሆን ጥሩ ስም ይወጣል። በአማርኛ ሲሆን የግዕዙን ፊደል ሁሉ ይጥልና የታች ሰረዝና ቁጥር ብቻ ይተርፋል። የምርጫዎቹም ዕጣ ይኸው ነው። ፎርሙ ሲሞላ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ዳታው ወርዶ ሲከፈት ግን ዓምዶቹ ሁሉ ሰረዝና 001፣ ሰረዝና 002 ሆነው የትኛው «ፎቅ» የትኛው «ቀን» እንደሆነ አይለይም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየጥያቄው ቅንብር ውስጥ የዳታ ዓምድ ስም የሚለውን ቦታ በላቲን ፊደል አጭር ስም መሙላት። ይህ ሥራ ፎርሙ ከመለቀቁ በፊት ነው። መሰብሰብ ከተጀመረ በኋላ ስም መቀየር አንዱን ጥያቄ ሁለት ዓምድ ያደርገዋል፤ ግማሹ ምላሽ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው።

ክፍት ጽሑፍ ሌላው ወጥመድ ነው። «ሰፈርዎ የት ነው?» ብሎ እንዲጻፍ ከተተወ አንዱ «አራብሳ»፣ ሌላው «ዓራብሳ»፣ ሦስተኛው «ቦሌ አራብሳ» ይላል፤ «ውሃ» እና «ውኃ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒዩተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሀ እና የሐ፣ የሰ እና የሠ፣ የአ እና የዐ መለዋወጥ ለአንባቢ ችግር የለውም፣ ለቆጠራ ግን 300 ምላሽ በእጅ ማረም ማለት ነው። ሊዘረዘር የሚችል ነገር ሁሉ ምርጫ ይሁን። ብሎክ ከ1 እስከ 60 ሙሉ ቁጥር፣ ፎቅ ከ0 እስከ 4 ምርጫ፣ በር ከ1 እስከ 4 ምርጫ።

ዋናው ጥያቄ «ባለፉት 7 ቀናት ውኃ በቧንቧ የመጣው ስንት ቀን ነው?» ነው። «ባለፈው ወር» ማለት አይገባም፤ ሰው ወር ወደኋላ ሄዶ አይቆጥርም፣ ይገምታል፤ ሲገምት ደግሞ ንዴቱን ነው የሚነግራችሁ። መልሱ ላይ ከ0 እስከ 7 ብቻ እንዲቀበል ገደብ ይደረግበት። «አላስታውስም» ለሚል ሰው 99 መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ አማካይ ሲሰላ 99ኙ ተረስቶ ሳምንቱን 20 ቀን ያደርገዋል። ስለዚህ «ያስታውሳሉ?» የሚል አዎ/አይ ጥያቄ አስቀድመው፣ አዎ ላለው ብቻ ቁጥሩ ይከፈት። ይህን መዝለያ መገንቢያው ውስጥ ያለ ምንም ኮድ ይሠሩታል።

ግዴታ የሚለውን ምልክት በሁሉም ጥያቄ ላይ ማድረግ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ውሸት ነው። ጠያቂው ማለፍ ካልቻለ የሆነ ነገር ይነካል። ግዴታ ካደረጉ «መናገር አልፈለጉም» የሚል ምርጫ ይጨምሩ። በጀሪካን ላይ ደግሞ ልኩ ይጻፍ፦ «ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት ገዙ?» ካልተባለ ባለ 5 ሊትሩም ጀሪካን ነው።

ፎርሙ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲሆን ከተፈለገ መጀመሪያ ነባሪውን ቋንቋ መሰየም፣ ከዚያ ሁለተኛውን መጨመር ነው፤ ሁለቱም ከስማቸው ጋር ባለ ሁለት ፊደል ኮዳቸውን ይፈልጋሉ። ጠያቂው በር ላይ ቆሞ ቋንቋውን መለወጥ ይችላል። ይህ ክፍል በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ነው፤ ነቀፌታ የለንም።

ሐምሌ 10 እና ኅዳር 10

ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ዜና፦ ኮቦኮሌክት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። የቀን ጥያቄው ቅንብር ውስጥ መልክ የሚለው ቦታ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ‹ኢትዮጵያን› (ethiopian) ብሎ በትንንሽ ፊደል መጻፍ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ጳጉሜንም ጨምሮ ያሳያል፤ ሲያስቀምጥ ግን ወደ ጎርጎርዮሳዊው ራሱ መልሶ ነው። ለትንተና የሚመቸውም እሱ ነው።

መጥፎው ዜና ይህ የሚሠራው በአንድሮይድ መተግበሪያው ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ያው ፎርም በሊንክ በብራውዘር ሲከፈት ኤንኬቶ በሚባለው ሌላ መሣሪያ ነው የሚታየው፤ እሱ የጎርጎርዮሳዊውን ብቻ ያወጣል። ነዋሪው ሐምሌ 10 ቀን 2017ን 10/11/2017 ብሎ ቢሞላ የተመዘገበው ኅዳር ወር ላይ የዋለ የ2017 እ.ኤ.አ. ቀን ነው። ትክክለኛው ጁላይ 17 ቀን 2025 ስለነበር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያም የለም፣ ምክንያቱም ቀኑ በራሱ ልክ ነው። ሊንክ የምትልኩ ከሆነ ቀን አትጠይቁ፤ «ስንት ቀን ሆነው?» ብላችሁ ቁጥር ተቀበሉ።

ሰዓቱም ያው ነው። «ውኃ በስንት ሰዓት መጣ?» ሲባል ሰው 8 ብሎ ከነካ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን የፈረንጁ 8 አይታወቅም። «ሌሊት ከ6 እስከ 12»፣ «ጠዋት ከ12 እስከ 6» የሚሉ አራት ምርጫዎች ከሰዓት መምረጫው በእጅጉ ይሻላሉ። ሰርቨሩ የምላሹን የመድረሻ ሰዓት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በዩቲሲ ስለሚያስቀምጥ ደግሞ ከምሽቱ 2፡30 የተላከው 17፡30 ሆኖ ይታያል። ሦስት ሰዓት ደምሩበት። ፎርሙ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ግን ከስልኩ ነው የሚመጣው፤ የስልኩ ሰዓት ከተዛባ ያም ይዛባል።

ሜዳ ላይ

ፎርሙ ተሠርቶ ‹ዲፕሎይ› ካልተባለ፣ ማለትም ካልተለቀቀ፣ ስልክ ላይ አይታይም። ከዚያ በኋላ አንድ ፊደል እንኳ ቢታረም እንደገና መልቀቅ፣ ስልኮቹም እንደገና ማውረድ አለባቸው። ኮቦኮሌክት ውስጥ ፎርሞቹን ከሰርቨሩ ጋር ሁልጊዜ እንዲያመሳስል የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ እሱን ማብራት ስድስት ጠያቂ ስድስት ዓይነት ፎርም ይዞ እንዳይዞር ያደርጋል።

ፎርሙ አንዴ ከወረደ መሙላቱ ያለ ኔትወርክ ነው። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ምላሽ ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ ማታ ዋይፋይ ሲገኝ መላክ ይበቃል። ዳታ የሚጠፋው በሦስት መንገድ ነው፦ ጠያቂው ረቂቅ አድርጎ ትቶ ‹ፋይናላይዝ› ሳያደርገው፣ ማለትም «አለቀ» ብሎ ሳይዘጋው ሲቀር፣ ያልተላከ ምላሽ እያለ መተግበሪያው ሲሰረዝ፣ በብራውዘር የሚሞላ ከሆነ ደግሞ የብራውዘሩ ማህደር ሲጸዳ። ሦስተኛው የባሰ ነው፤ ስልክ «ቦታ ሞላ» ሲል ሰው መጀመሪያ የሚያጸዳው ብራውዘሩን ነው። ማታ ማታ የተላከውንና በወረቀት የተመዘገበውን የበር ቁጥር ማመሳከር አሥር ደቂቃ ይወስዳል።

ጂፒኤስ ሁሉም ሰው ይወደዋል፤ ካርታ ላይ ነጥብ ማየት ደስ ይላል። ለኮንዶሚኒየም ግን አታስገቡት። ነጥቡ 5 ሜትር ድረስ እስኪጠራ በደረጃ ላይ መቆም አለ፤ ከደረሰም በኋላ ግራውንዱንና አራተኛ ፎቁን አይለይም። የብሎክና የፎቅ ቁጥር ከጂፒኤስ የበለጠ ይናገራል፣ የሰውንም በር አያጋልጥም። ለተበታተነ የገጠር ውኃ ነጥብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ጂፒኤሱ ዋናው ጥቅም ነው።

አንድ የማይነገርለት ባህርይ አለው፦ ‹ኦዲት› የሚባለው። ሲበራ ጠያቂው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየ በፋይል ያስቀምጣል። ሃያ ጥያቄ በ90 ሰከንድ ካለቀ ያ መጠይቅ የተሞላው ካፌ ተቀምጦ ነው። በፈቃደኞች ላይ ይህን ማብራት መጠራጠር ይመስላል፤ ቢሮው ቁጥሩን ሲያጣጥል ግን መከላከያችሁ እሱ ነው። ለጠያቂዎቹ አስቀድሞ ማሳወቅ ደግሞ ግድ ነው።

ለሁሉም ስልክ አንድ የይለፍ ቃል ማደል የተለመደ ነው፤ መጥፎም ነው። ማን ምን እንደላከ አይለይም፣ አንዱ ስልክ ቢጠፋ ሁሉም ይጋለጣል። ኮቦ ለእያንዳንዱ ጠያቂ «መላክ ብቻ» የሚል ፈቃድ መስጠት ያስችላል፤ ራሱ የላከውን ብቻ እንዲያይ ማድረግም ይቻላል። ስድስት አካውንት መክፈት ግማሽ ሰዓት ነው።

ማንን ጠየቃችሁ?

አሁን መሣሪያው ወደማይረዳበት ቦታ ደረስን። ቀላሉ መንገድ ሊንኩን በሳይቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጣል ነው። በሁለት ቀን 900 ምላሽ ይመጣል፣ ደስታም ይሆናል። ግን ሊንኩን የሚከፍተው ውኃ የጠፋበት ነው፤ የመጣለት ምን ቸገረው። «ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ» የሚለው የሊንክ ዓይነትም የሚለየው ብራውዘሩን እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ በሌላ ብራውዘር ሁለተኛ መሙላት ይቻላል። ግሩፑ ውስጥ የሌሉ አረጋውያንና ተከራዮች ከነጭራሹ የሉበትም። ቢሮው «እነማን ናቸው የሞሉት?» ብሎ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ 900ው ይፈርሳል።

300 ቤት በዕጣ ተመርጦ በር ቢንኳኳ ግን ከ900ው የበለጠ ይመዝናል። በየብሎኩ በየፎቁ አንድ በር በዕጣ ይውጣ፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የተጻፈባቸው አራት ቁራጭ ወረቀቶች ይበቃሉ። 60 ብሎክ በ5 ወለል 300 ቤት። በ95 ከመቶ የመተማመን ደረጃ ለሳይቱ በሙሉ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም የናሙናው ውጤት ከእውነተኛው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት ልክ፣ ከ5 ከመቶ ትንሽ ያንሳል። ለአንድ ወለል ብቻ ሲታይ 60 ቤት ስለሆነ ህዳጉ ወደ 11 ከመቶ ይሰፋል፤ ግራውንድና አራተኛን ለማነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ይበቃል፣ ሁለተኛና ሦስተኛን ለመለየት አይበቃም። ይህንኑ ሪፖርቱ ላይ መጻፍ ነው።

«በየአራተኛው በር እናንኳኳ» የሚለው የተለመደ ዘዴ እዚህ ያሳስታል። በየፎቁ አራት በር ስላለ በየአራተኛው ማለት ሁልጊዜ ያንኑ ማዕዘን መጠየቅ ነው፤ ያ ማዕዘን ከቧንቧው መውጫ የራቀው ቢሆን ሳይቱ ሁሉ የደረቀ ይመስላል።

ሊፍት የለም። ጠያቂው ከሰዓት በኋላ ሲደክመው አራተኛ ፎቅን «ማንም የለም» ብሎ ይዘለዋል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃ የማይወጣው ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ ደንብ ይሁን። በሩ ዝግ ከሆነ በተለያየ ሰዓት እስከ 3 ጊዜ ይመለሱ፣ አንዱ ምሽት ወይም እሑድ ይሁን፤ በሥራ ቀን ቀትር ላይ ብቻ ከተሄደ ሠራተኛው ሁሉ ከናሙናው ወጣ ማለት ነው። ጎረቤቱን በምትኩ መጠየቅ ክልክል። የፎርሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «በሩ ምን ሆነ?» ይሁን፦ መለሰ፣ ሰው የለም፣ አልፈልግም አለ። ያን ጊዜ ለምሳሌ «ከ300 ቤት 261 መለሱ፣ 24 አልተገኙም፣ 15 አልፈለጉም» ማለት ይቻላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሪፖርቱ ራስጌ ላይ ሲቀመጥ ብዙ ክርክር ሳይጀመር ይቀራል።

አንድ ጠያቂ በቀን 25 በር ቢያንኳኳ 12 የሰው ቀን ነው፤ ስድስት ሰው ሁለት ቀን፣ ለመመለሻ አንድ ተጨማሪ። ከዚያ ከ300ው ፈቃደኛ የሆኑ 30 ቤቶች ለአራት ሳምንት ማታ ማታ «ዛሬ መጣ/አልመጣም» ብለው አንድ ጥያቄ ብቻ ቢሞሉ 840 ምላሽ ይሆናል፤ በነፃው ኮታ ውስጥ ነው። ከቢሮው ፈረቃ ጋር ቀን በቀን ጎን ለጎን የሚቀመጠው ይህ ነው። ፈረቃውን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል።

ዳታው ሲወርድ፣ ዳታው ሲወጣ

ሲኤስቪ የተባለውን ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ አውርዶ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ የአማርኛ ዳታ ጠላት ነው። ኤክሴል ፊደሉን አጥፍቶ ትርጉም የለሽ ምልክት ያደርገዋል፤ የኮቦ ሲኤስቪ በነጠላ ሰረዝ ሳይሆን በሴሚኮለን ስለሚለይ ሁሉም በአንድ ዓምድ ይታጨቃል። ዳታው አልተበላሸም፤ አከፋፈቱ ነው። የኤክሴሉን ዓይነት በቀጥታ ማውረድ፣ ወይም ከኤክሴል ‹ዳታ› ማውጫ ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን የፊደል አሠራር (UTF-8) መርጦ ማስገባት ይፈታዋል። አንድ ጊዜ ግን በተበላሸው ላይ ‹ሴቭ› ካላችሁ መመለሻ የለውም፣ እንደገና ማውረድ ነው። ብዙ ምርጫ የሚፈቅድ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ምርጫ የ0 እና የ1 ዓምድ ያወጣል፤ የቤተሰብ አባላት ተደጋጋሚ ቡድን ከተደረጉ ደግሞ በሌላ ገጽ ተቀምጠው በመለያ ቁጥር ይገናኛሉ። ገጹ ላይ ያለው የሪፖርት ክፍል ባር ቻርት ከማሳየት ብዙም አያልፍም። ለውይይት መነሻ ይሆናል፣ ለሪፖርት ኤክሴል ይሻላል።

የፕሮጀክቱ መጋሪያ ገጽ ላይ «ማንም ምላሾቹን ማየት ይችላል» የሚል ምርጫ አለ። ግልጽነት መስሏቸው የሚያበሩት አሉ። ፎርሙ ውስጥ ስልክ ቁጥር ካለ የ300 ሰው ስልክ አደባባይ ወጣ ማለት ነው። ስምና ስልክ ከመጀመሪያውም ባይጠየቅ ይመረጣል፤ ለ30ዎቹ ቤቶች ካስፈለገ በሌላ ፎርም ይያዝ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ መጠየቅን፣ ዳታ ከአገር ውጭ መሄዱንም ይመለከታል። የኮቦ ሁለቱም ሰርቨሮች ውጭ አገር ናቸውና የፈቃድ ጽሑፉ ውስጥ ይነገር። ስም ባይኖርም «ብሎክ 14፣ አራተኛ ፎቅ፣ የቤተሰብ ብዛት 9» የሚል ረድፍ ሰውየውን ይጠራዋል። ለሕዝብ የሚወጣው ሰንጠረዥ በፎቅ ወይም በብሎክ ስብስብ ይሁን፤ ከ5 ቤት በታች የሆነ ሳጥን ይደፈን። ጂፒኤስ ከተያዘ የዲግሪው አስርዮሽ ወደ ሁለት ቤት ቢቆረጥ ነጥቡ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ወደ ሦስት ቢቆረጥ ወደ 110 ሜትር ይደበዝዛል።

ምላሾችን የሚቆልፍ ምስጠራም አለው። ቁልፉ ከጠፋ ዳታው ለዘላለም ጠፋ፤ ሰርቨሩ ላይም ቻርትና ካርታ አይታይም። ለውኃ ጥያቄ አያስፈልግም። ለጥቃት ወይም ለመፈናቀል ምስክርነት ከሆነ ያስፈልጋል፣ ያኔ ግን ልምድ ያለው ሰው ይያዘው።

ከሌሎቹ ጋር

ጉግል ፎርም ለቢሮ ሠራተኛ ዳሰሳ ይበቃል፤ ያለ ኔትወርክ አይሠራም፣ ጂፒኤስም የለውም። ኦዲኬ ሴንትራል ከኮቦ ጋር ወንድማማች ነው፤ የራሱን ሰርቨር መትከል የሚችል ሰው ካላችሁ ዳታው በእጃችሁ ይሆናል፣ ከሌላችሁ አትሞክሩት። በኬንያ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት በጥር 2008 እ.ኤ.አ. የተወለደው ኡሻሂዲ ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው፦ ማንም ካለበት ሆኖ የሚልከውን ክስተት ካርታ ላይ ይሰበስባል። የት ምን ሆነ ለማለት ይሆናል፤ ከመቶ ስንቱ ለማለት አይሆንም።

ኮቦ ከ5 4 ይሰጠው። አንዱ የተቀነሰው በአማርኛው የዓምድ ስምና በብራውዘሩ የቀን መምረጫ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው። 300 ቤት ላለው ሥራ፣ ስድስት አንድሮይድ ስልክና አንድ ላፕቶፕ ላለው የነዋሪ ማኅበር ከዚህ የሚሻል በነፃ አይገኝም። ጠቅላላው 50 ቤት ከሆነ ግን ስልኩን ተዉት፤ የተሰመረ ወረቀት፣ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ከሰዓት ይበቃል፤ ኤክሴል ላይ ለማስገባት አንድ ሰዓት ጨምሩበት።